የመስከረም ሩጫ በሐምሌ ጭቃ ይቦካል

ሐምሌ ለኳስ አፍቃሪ ክፉ ወር ነው። የአገር ውስጡ ሊግ ተዘግቷል፤ የአውሮፓው ገና አልተከፈተም። እኛም የስፖርት ጋዜጠኞች «እገሌ ወደ እገሌ ሊዛወር ነው» የሚል ወሬ እየለቃቀምን ገጽ እንሞላለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ውጤቱን በቃላችሁ የምታውቁትን ጨዋታ በድጋሚ የምታዩ የስፖርት ቤተሰቦች ብዙ ናችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም አጠገባችሁ ነው የምቀመጠው።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ግን ሐምሌ ላይ የውድድር ዘመናቸው የሚጀምር ልጆች አሉ። ስታዲየም የላቸውም፣ ደጋፊ የላቸውም፣ ማልያ እንኳን የላቸውም። ሜዳቸው እንጦጦ ራጉኤል አካባቢ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ፊሽካው የሚነፋው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው።

ስለነሱ የሰማሁት የካ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀጭን ልጅ ሦስት ዳቦ ደርድሮ ሻይ ይጠጣል። ሯጭ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ እስከ ጉልበቱ የወጣው ቀይ ጭቃ ይናገራል። ወሬ ጀመርን። 14 ናቸው፤ ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች። ክለብ የላቸውም። ድሮ ይሮጥ የነበረ አንድ ሰው በነጻ ያሠለጥናቸዋል፤ «ኮች» ነው የሚሉት። አንድ ቀን መጥቼ ልያችሁና ልጻፍ ብለው ሳቀ።

«ልታየን ከሆነ ይቅርብህ። እዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው ብርዱ ይገድለዋል። ልትሮጥ ከሆነ ግን ና።»

ስሙን እንድጽፍ አልፈቀደም። ስሜ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሳሸንፍ ነው፣ ካሁኑ ከወጣ ሟርት ይሆንብኛል አለ። ሟርቱን ፈርቼለት ከላዩ ላይ በማይወርደው የዝናብ ጃኬት «ባለ ቢጫው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ማክሰኞ ሌሊት ተነሳሁ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «ጸበል ነህ?» አለኝ። በዚያ ሰዓት ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ወይ ጸበልተኛ ነው ወይ ሯጭ። ቁመናዬን አይቶ ሯጭ ይሆናል ብሎ እንኳን አልጠረጠረም። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እየቃተተ ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ። ስወርድ ከፊቴ አምስት እርምጃ አይታይም። የቅዳሴው ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ካፖርቱን ደርቦ ዣንጥላ የያዘ ሰው መጣ፤ ኮች ነው። ሩጫ መያዣ ሰዓቱን በላስቲክ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ልጆቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ ይጨብጡኛል። የለበስኩት የአርሴናል ማልያ ነበር።

«የአርሴናል ደጋፊ ከሆንክማ መታገስ ታውቃለህ» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ!

እንጦጦን ሁላችንም እናውቀዋለን እንላለን። አጼ ምኒልክ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር መናገሻቸው ያደረጉት ተራራ ነው፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ ብርዱን ሽሽት ወደ ፍልውሃ ሙቀት ከወረደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሯጩ ደግሞ ያንኑ ብርድ ፈልጎ ይወጣል። የተራራው ጫፍ 3200 ሜትር ገደማ ነው። የዝናብ መክፈያም ነው፤ ከጀርባው በስተ ደቡብ የወደቀችው ጠብታ ወደ አዋሽ ትሄዳለች፣ በስተ ሰሜን የወደቀችው ወደ አባይ። ያን ዕለት እኔ ላይ የወደቀው ግን ወደ አዋሽም ወደ አባይም አልሄደም፤ ጫማዬ ውስጥ ነው የቀረው።

ከፍታ ምን እንደሚያደርግ ለኳስ ሰው ለማስረዳት ቦሊቪያን መጥራት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ማራዶና የሚያሠለጥነው፣ ሜሲም የተሰለፈበት የአርጀንቲና ቡድን ላ ፓዝ ላይ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተሸነፈ። ስታዲየሙ ያለው 3600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያሳሰበው ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር። ወዲያው ወደ 3000 ሜትር ከፍ አደረገው፣ በ2008 ደግሞ ጭራሽ አነሳው። ሜሲን ያስተነፈሰው ከፍታና እንጦጦ እንግዲህ ጎረቤት ናቸው ማለት ነው። እኔስ ማን ነኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራ ላይ ያለው አየር ያው አየር ነው፤ የኦክስጅን ድርሻው አይጎድልም። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። 3000 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ሲቸግረው መላ ይፈልጋል። ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ጨመር አድርጎ ይለቃል፣ በሳምንታት ውስጥም ኦክስጅን ተሸካሚ ቀይ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። በአበረታች መድኃኒት ወሬ ላይ «ኢፒኦ» ሲባል የሰማችሁት የዚሁ ንጥረ ነገር ፋብሪካ ሠራሽ ወንድም ነው። ሌላው በመርፌ ሰርቆ የሚወጋውን የእንጦጦ ልጅ በዳገት ያገኘዋል።

«1 ከ10» አለ ኮች። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማለቱ ነው። ጫካ ውስጥ በኪሎ ሜትር መለካት ብሎ ነገር የለም፤ ጭቃ ኪሎ ሜትር አያውቅም። ተሰለፍን። አዎ፣ ተሰለፍን፤ አንድ ከኋላ አንድ፣ እንደ ጉንዳን። ከፊት ያለው መንገድ ይመርጣል፣ የቀረው እሱ የረገጠበትን ይረግጣል። ባለ ቢጫው ከፊቴ ሆኖ ዞር ሳይል «እግሬን ብቻ እይ፤ ዛፉን አትይ፣ ሰማዩን አትይ» አለኝ።

ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ የለም። መሪው በዛፎቹ መካከል ይጠማዘዛል፣ ዳገቱን በሰያፍ ይይዘዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። መጀመሪያ ሊያደክሙኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። በቀጥታ ቢወጡ ጭቃው ወደ ኋላ ይመልሳል፤ በሰያፍ ሲሄዱ ግን የባሕር ዛፉ ሥር እንደ ደረጃ እግር ይይዛል። የረገፈው ቅጠልና ልጣጭ ያለበት ቦታ ላይ ሶል አይንሸራተትም፣ ባዶው ቀይ አፈር ላይ ግን ሳሙና ነው። ይህን ሁሉ መሪው በጨለማ፣ እየሮጠ፣ በሰከንድ ውስጥ ነው የሚወስነው። ተራው ሲደርስ ከፊት የሚወጣ ሰው ለራሱ ብቻ አይሮጥም፤ የ14 ሰው ቁርጭምጭሚት እጁ ላይ ነው።

ማይክል ክራውሊ የተባለ አንትሮፖሎጂስት አለ፤ ራሱም ጎበዝ ማራቶን ሯጭ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከኛ ሯጮች ጋር እየኖረና እየሮጠ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አውጥቷል። ፈረንጁን ካስገረሙት ነገሮች አንዱ ይኸው በጋራ መሮጥ ነው። በኛ ሯጮች ዘንድ ለብቻ መሮጥ እንደ ለብቻ መብላት ነው፤ በጥሩ ዓይን አይታይም። ከዚህ ሌላ ደግሞ ጅብ አለ። እንጦጦ ላይ በዚያ ሰዓት ጅብ ብርቅ አይደለም፤ ብቸኛ ሰው ደግሞ ይወዳል።

ወደ 20ኛው ደቂቃ ስንቃረብ ደረቴ ውስጥ እሳት ተነሳ። እነሱ ያወራሉ! በሙሉ አፋቸው ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። እኔ «እሺ» ለማለት እንኳን ትንፋሽ የለኝም። 23ኛው ደቂቃ ላይ ግራ እግሬ ወደ አዋሽ፣ ቀኝ እግሬ ወደ አባይ ሄደ። በደረቴ ጭቃው ላይ ተዘረርኩ። ሰልፉ አልቆመም፤ ባለ ቢጫው ብቻ ተመልሶ በብብቴ አነሳኝ።

«ተርፈሃል?»

«ተርፌያለሁ።»

«በቃ ውረድ፤ ኮች ጋ ጠብቀን። ሰውነትህ ሳይቀዘቅዝ።» ሄደ። ቢጫው ለሁለት ለሦስት ሰከንድ በዛፎቹ መካከል ታየ፣ ከዚያ ጉሙ ዋጠው።

ወደ መንገዱ እየተንገዳገድኩ ስወርድ ከራሷ ክብደት የማይተናነስ የማገዶ ሸክም ጀርባዋ ላይ ያዘለች እናት ከኋላዬ ደረሰችብኝ። በላስቲክ ጫማ ነው የምትሄደው። «እናቴ፣ ላግዝሽ?» አልኩ፤ ጭቃ በጭቃ የሆነ ማልያዬን አየችና «አይ ልጄ፣ አንተን ማን ባገዘህ» ብላኝ አለፈች። አለፈችኝ! ስለ እንጦጦ ጽናት የሚጻፍ ከሆነ እሷም መዝገብ ውስጥ ትግባ።

ኮች ዣንጥላው ሥር አስጠለለኝ። ለምን በዚህ ወር ትገድሏቸዋላችሁ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ቢጠበቅስ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አጭር ነበር፤ «በርሊን ዝናብ እስኪያባራ አይጠብቅም።»

እስቲ ቀን መቁጠሪያውን አብረን እንየው። የበርሊን ማራቶን የሚሮጠው በመስከረም ነው። ቺካጎና አምስተርዳም ጥቅምት አካባቢ ናቸው፣ ኒው ዮርክ ይከተላል፣ የኛው ታላቁ ሩጫ ደግሞ ኅዳር ላይ ነው። ለማራቶን መዘጋጀት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ከመስከረም አጋማሽ ሦስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሰኔ ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ አገር ቤት ሆኖ ለበርሊን የሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ላይ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በርሊንን ከ2006 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ለአራት ተከታታይ ዓመታት አሸንፏል። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. 2 ሰዓት ከ03 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲገባ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ መሆኑ ነው፤ እኔ በጤናዬ አንዷን ኪሎ ሜትር እንኳን እንዲያ አልሮጥም። ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚያው በርሊን 2:01:41 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰኑን በ2 ሰከንድ ሳተው። ሁለት ሰከንድ! ያን ቀን ቴሌቪዥን ላይ የጮህኩት ድምፅ ለሳምንት አልተመለሰልኝም። ከዚያ የ800 ሜትር ሯጭ የነበረችው ትዕግሥት አሰፋ መጣች፤ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በርሊንን በወንድ ሚልኬሳ መንገሻ፣ በሴት ትዕግሥት ከተማ ወሰዱት። ማን የት ጫካ እንደተለማመደ ትተን ቀኑን ብቻ ብናይ እነዚህ ሁሉ ውጤቶች ከክረምት በቀጥታ የወጡ ናቸው። እኛ በአደይ አበባ የምናያቸው በጭቃ ከርመው ነው።

ፓሪስንስ ታስታውሳላችሁ? ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ጠዋት። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሊወጣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ቦታውን አገኘ። የፓሪሱ ማራቶን ደግሞ እንደ በርሊን ጠረጴዛ አይደለም፤ ሲደመር ከ430 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ ኮርስ ነው። ሌላው ዳገቱ ላይ ሲሰበር ታምራት ዳገቱ ላይ ሄደ፤ 2:06:26፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። በኳስ ቋንቋ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የነበረ ልጅ በፍጻሜው ገብቶ ሐትሪክ መሥራቱ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2023 ዳገታም የሆነውን የኒው ዮርክ ማራቶን በኮርሱ ክብረ ወሰን አሸንፎ ነበር። ዳገት ለለመደ ሰው ዳገት ዜና አይደለም።

ኮች በወጣትነቱ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን በሩቁ ያያቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር እነ ኃይሌንና እነ ደራርቱን በዚሁ ተራራ ላይ ሲያሠሩ ቀልድ አያውቁም ይባላል። «እኛ ከዛፍ ጀርባ ተደብቀን ልምምዱን እንሰርቅ ነበር» አለኝ ኮች እየሳቀ። የሰረቀውን ልምምድ ነው ዛሬ በነጻ የሚያድለው።

1 ሰዓት ከ10 ሞላ። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው ጭቃ የሚመታ እግር ነው፤ ቸፕ፣ ቸፕ፣ ቸፕ። ከዚያ ሰልፉ ወጣ። እንፋሎት ይወጣቸዋል። ሁሉም እስከ ወገባቸው ቀይ ናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ከሦስተኛና ከአምስተኛ። ባለ ቢጫው ዓይኔን ሲያይ በአውራ ጣቱ ቁርጭምጭሚቱን ጠቆመና «ደህና ናት» አለ። የቁርጭምጭሚቱን ታሪክ ያኔ አላወቅሁም።

ቁጢጥ ብለን ማፍታቻ ሲሠሩ ነው የነገረኝ። አዲስ አበባ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ኮተቤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ የሱን ድርሻ ኪራይ አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሙ ይልክለታል። አምና በክረምቱ ጥሩ ሠርቶ፣ እሱ እንደሚለው «ኮንዲሽን ገብቶ»፣ ታላቁ ሩጫ ሲጠብቅ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እዚሁ እርጥብ ሥር ላይ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ኅዳር ላይ ውድድሩን ያየው ከመንገድ ዳር ሆኖ ነው።

ለኛ ለከተሜዎቹ ታላቁ ሩጫ ቲሸርት ለብሰን እየጨፈርን የምንዞርበት ቀን ነው። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ተጀምሮ ኃይሌ ራሱ ያሸነፈው ውድድር ዛሬ ምን ያህል እንደሰፋ የምታውቁት ነው። ከፊት የሚነሱት ግን አይጨፍሩም። ለነሱ ያ 10 ኪሎ ሜትር የሥራ ቅጥር ፈተና ነው። የክለብ አሠልጣኞች ያያሉ፣ ማናጀሮች ያያሉ። በኳስ ቡድናቸው የምታውቋቸው መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ የሩጫ ቡድንም አላቸው። ክለብ መግባት ማለት ደመወዝ ነው፣ ሰርቪስ ነው፣ ጫማ ነው። ሯጮቹ «መለወጥ» የሚሏት አንዲት ቃል አለች፤ ሁሉን ትይዛለች።

የባለ ቢጫው ወንድም ዘንድሮ ሊያገባ ነው። ሲያገባ የሚላከው ኪራይ ይቆማል። ወንድምየው አላስጨነቀውም፣ «እስከ ጥር ልሞክርልህ» ብሎታል። ስለዚህ ኅዳር አንድ ዕድል ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠምመው። ዘንድሮ ያችን ቁርጭምጭሚት ለማዳን ከጫካ ርቆ አስፋልት ላይ ብቻ መሥራት ይችል ነበር። አስፋልት ግን ማለዳ መኪና ሳይበዛ ወደ ሰንዳፋ መሄድ ይፈልጋል፤ የትራንስፖርት ብር ነው። አስፋልት በየቀኑ አጥንት ይጨርሳል። ደግሞም እግርን የሚያጠነክረው ጭቃው ነው ብሎ ያምናል፤ ኮችም እንደዚያው። የሰበረው ቦታ ላይ ነው የሚጠገነው እንግዲህ። በፕላስተር ጠቅልሎ ይሮጣል፣ ተራው ደርሶ ሲመራ ደግሞ ከማንም በላይ ቀስ ብሎ መንገድ ይመርጣል። ልጆቹ «አያት» ይሉታል በዚህ።

እውነቱን ለመናገር እንደሱ ያሉት አብዛኞቹ አይሳካላቸውም። በየዓመቱ ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከሰሜን ሸዋ ለሩጫ ብለው የሚመጡትን ስንቶቹን እናውቃለን? እኛ ጋዜጠኞች ካሜራ ይዘን የምንወጣው ቦሌ ላይ አበባ ሲታደል ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስማቸውን በድፍረት የጠቀስኳቸው ሁሉ ያሸነፉት ናቸው፤ አያችሁት?

ውጭ አገር ይሄው ነገር መዝናኛ ነው። የተራራና የጫካ ሩጫ የሚባል ስፖርት አለ፤ በፈረንሳይ ሻሞኒ ከተማ በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ በሞን ብላን ዙሪያ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 10 ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ እየወጡ ይሮጣሉ። ጭቃ የሚቧጥጥ ጥርስ ያለው ጫማ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ሁሉም አለ። የኛዎቹ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ቢጫ ጃኬት አላቸው። እንጦጦም ተለውጧል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣው፣ ሶምሶማ የሚሮጠው ከተሜ በዝቷል፤ ደስ ይላል። ሁለቱ እንጦጦዎች ግን አይተዋወቁም። እኛ ከቁርስ በኋላ ስንደርስ እነሱ ታጥበው፣ በልተው፣ ተኝተዋል።

የታጠቡትና የበሉት ቤታቸው ሄጄ ነው ያየሁት። በሶ በትልቅ ጆግ ተበጠበጠ፣ እኔም ደረሰኝ። ከሩጫው ይልቅ ያስጨነቃቸው ጫማው ነው። ክረምት ላይ ጫማ ማድረቅ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። አንድ ጫማ ያለው ሰው ማክሰኞ ያረጠበውን ረቡዕ ሌሊት መልሶ ያጠልቀዋል። ፀሐይ የለም። ከሰል አጠገብ ካደረጉት ማስቲሹ ይለቃል፤ አንዱ ልጅ እንዲያ አድርጎ ሶሉ ተገንጥሎ ሁለት ሳምንት ተቀምጧል። ያላቸው መላ አንድ ነው፤ ጭቃውን አጥቦ ውስጡን ጋዜጣ መጎሰር። ጋዜጣ ውሃ ይመጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያወጡታል፣ ደረቅ ይተኩበታል፤ እስከ ማታ ሦስት ጊዜ።

ባለ ቢጫው ከግራ ጫማው ውስጥ የረጠበውን እየጎተተ ሲያወጣ አንድ ፎቶ ዓይኔን ያዘው። የኛ ገጽ ነው። የኛው የስፖርት ገጽ፣ የባለፈው ሳምንት! እኔ የጻፍኩት የዝውውር ወሬ፣ ስሜ ከላይ፣ እንደ ቡጢ ተጨብጦ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ይሄ እኮ የኔ ጽሑፍ ነው» አልኩት።

ዘረጋውና አየው። ስሜን አነበበ። «ጥሩ ወረቀት ነው፤ ውሃ ይይዛል» አለኝ፤ ምንም ቀልድ የለበትም።

ስሄድ እስከ ታክሲው ሸኘኝ። መስከረም 1 የራጉኤል ንግሥ ነው፤ ያን ቀን ጫካው ሕዝብ ስለሚሞላው ልምምዱን በሌሊት ጨርሰው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ነገረኝ። እንድመጣ ጋበዘኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ከአሥራ ምናምን ቀን ነው፣ ቀኑን ቆጥሮታል። ጽሑፉ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀኝና ቅዳሜ አልኩት።

«ሁለት ቅጂ አምጣልኝ።»

«አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለወንድምህ?»

«አይ፣» አለ፣ «አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ።»